ምክትሉን ጥየቃ

ዋሽንግተንና አካባቢዋ የሚኖር ሐበሻ ሌላ ሥራ ኖረውም አልኖረውም አስጎብኚነት አይቀርለትም። ሰመር ሲመጣ ከአገር ቤት እንግዳ ይመጣል፤ የሚጎበኘውም ያው የታወቀ ነው። ዋይት ሐውስ ከአጥር ውጭ፣ ሊንከን ከነወንበሩ፣ የኮንግረሱ ጉልላት ከሩቅ፣ ከዚያ ቅናሽ ወዳለበት ሞል። ሊንከን ዘንድ ለአንድ ፎቶ ብቻ የቆመ ሰው ስኒከር ሲመርጥ ግማሽ ቀን ይቆማል። አልፈርድበትም። ሊንከንን ሻንጣ ውስጥ ከትቶ ቦሌ የሚገባ የለም፤ ስኒከሩን ግን የእግሩን ቁጥር ነግሮ የሚጠብቅ የእህት ልጅ አለ።

አጎቴ ግን ለየት አሉብኝ። ደሴ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዕድሜያቸውን ሙሉ ምክትል ርዕሰ መምህር ሆነው ሠርተው፣ በዚያው በምክትልነታቸው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ርዕሰ መምህር ሲሾም፣ ርዕሰ መምህር ሲዛወር፣ ርዕሰ መምህር ለትምህርት ሲላክ፣ አንዱ እንዲያውም ሲታሰር፣ እሳቸው ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። ዋናው ስብሰባ ይሄዳል፤ ያረፈደውን ተማሪ በር ላይ የሚጠብቀው፣ ጠመኔ የሚያድለው፣ የቀረ መምህር ክፍለ ጊዜ የሚሸፍነው፣ የመጋዘኑ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ የሚያድረው ግን ምክትሉ ነው። በመካከል «ተጠባባቂ» ተብለው ወንበሩ ላይ የተቀመጡባቸው ጥቂት ወራት ነበሩ። ቤተሰባችን ስለዚያ ዘመን የሚያወራው ስለ ዐድዋ በሚያወራበት ድምፅ ነው።

እኚህ ሰው ዋይት ሐውስን በአጥሩ መካከል አጮልቀው አዩና፣ ምንም ሳይደነቁ፣ «ምክትሉስ የት ነው የሚያድረው?» አሉኝ።

ይህን ጥያቄ ከእንግዳ ሰምቼ አላውቅም። ምክትል ፕሬዚዳንቱ የሚኖረው ከዚያ ራቅ ብሎ፣ ማሳቹሴትስ ጎዳና ላይ ባለው የባሕር ኃይል የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ ግቢ ውስጥ ነው። ኮንግረስ ያን ቤት ለምክትል ፕሬዚዳንቱ የፈቀደው በ1974 ሲሆን (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች ነው)፣ መጀመሪያ ዕቃውን ይዞ የገባበት በ1977 ዋልተር ሞንዴል ነው።

«ከዚያ በፊትስ?»

«በየቤታቸው። ቤት የሌለው ተከራይቶ።»

«ተከራይቶ!» አሉ አጎቴ። አሜሪካ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላት ጥቂት እስኪቀራት ድረስ ለምክትሏ ጣሪያ አለመስጠቷ የባልደረባ ያህል አንገበገባቸው። በከተማው ተከራይቶ ኖሮ፣ ተከራይቶ ሞቶ፣ እዚሁ የተቀበረ አንድ ምክትል ፕሬዚዳንት እንዳለ ነገርኳቸው። «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ፣ ንዳው እንጂ!» አሉ። ሞሉ ቀረ።

ቦታው ኮንግሬሽናል ሴሜተሪ ይባላል። ከተማው በደቡብ ምሥራቅ በኩል ወደ አናኮስቲያ ወንዝ ሲያዘቀዝቅ፣ ከከተማው እስር ቤት ጎን ነው። ከ1807 ጀምሮ ሰው ይቀበርበታል። ስሙ የኮንግረስ ይሁን እንጂ ባለቤቱ አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው። በሩን አልፈን ጥቂት እንደተራመድን አንድ ቡናማ ውሻ፣ ያለ ማሰሪያ፣ ምላሱን አውጥቶ፣ በሁለት መቃብሮች መካከል እየጋለበ መጣና የአጎቴን ጫማ አሸተተ። ከኋላው ሌላ፣ ከእሱ ኋላ ሌላ። አጎቴ ኮፍያቸውን ለማውለቅ ያነሡት እጅ አየር ላይ ቀረ።

«መቃብር ውስጥ?»

እንዳስረዳ ተገደድኩ። ግቢው ከብዙ ዓመት በፊት ጠያቂ አጥቶ፣ ሣሩ የመቃብሩን ድንጋይ ውጦት ነበር። የሰፈሩ ውሻ ያላቸው ሰዎች ናቸው ተሰባስበው ማጨድ የጀመሩት። ዛሬ ውሻቸውን እዚህ ለመልቀቅ በየዓመቱ መዋጮ ይከፍላሉ፤ ገንዘቡ ለግቢው መጠበቂያ ይውላል፤ አባል ለመሆን ተራ የሚጠብቁም አሉ። በ2013 ደግሞ አረሙን እንዲበሉ የፍየል መንጋ አስገብተውበታል።

«ፍየሉ ይሁን» አሉ አጎቴ። «ግን ለውሻ ተራ? እኛ ለኮንዶሚኒየም እንመዘገባለን፣ እነሱ ውሻ መቃብር ለማስገባት።» ቢሆንም መዋጮውን ሲሰሙ ነገሩ ዕድር ዕድር ሸተታቸው መሰለኝ ለዘብ አሉ። ኮፍያቸውንም አወለቁ።

መንገዱ ዳር ግራጫ ድንጋዮች በሰልፍ ቆመዋል። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፦ እንደ ሣጥን ያለ አራት ማዕዘን፣ በላዩ ላይ ሾጠጥ ያለ ቆብ። ንድፉን ያወጣው የኮንግረሱን ሕንፃ ከሠሩት አንዱ የሆነው ቤንጃሚን ላትሮብ ነው። በሥራ ላይ እያለ ለሞተ የኮንግረስ አባል ሁሉ፣ እዚህ ተቀበረም አልተቀበረ፣ አንድ አንድ ይቆምለት ነበር። ከአብዛኞቹ ሥር ሰው የለም። በ1876 ጆርጅ ሆር የሚባል የማሳቹሴትስ እንደራሴ ተነሥቶ፣ እንዲህ ያለ ድንጋይ ከላይ እንደሚጫንብን ማሰቡ ራሱ ሞትን ይበልጥ ያስፈራል ሲል ቀለደ፤ ልማዱም ብዙ ሳይቆይ ቀረ። አጎቴ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተዘዋወሩ ስሙን አነበቡ። «ይኼስ አለ?» «የለም፣ አገሩ ነው የተቀበረው።» «ይኼኛውስ?» «እሱም የለም።» ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ፣ ስም ጠርቶ መልስ ባጣ ሰው ድምፅ፣ «ቀሪ፣ ቀሪ፣ ቀሪ» እያሉ አለፉ።

የእኛ ሰው ግን ተገኝቷል። ኤልብሪጅ ጌሪ፣ አምስተኛው የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት፣ በነጭ እምነ በረድ ሥር ተኝቷል። ሐውልቱ ወደ ላይ እየጠበበ ይሄድና ጫፉ ላይ የሚነድ እሳት የያዘ ማሰሮ ተቀርጾበታል። አጎቴ መነጽራቸውን አደረጉና ጽሑፉን በጠቋሚ ጣታቸው እየተከተሉ ጮክ ብለው አነበቡት። የሴኔቱ ሰብሳቢ እንደመሆኑ ወደ ካፒቶል ሲሄድ በድንገት፣ እዚሁ ከተማ፣ ኖቬምበር 23 ቀን 1814፣ በሰባ ዓመቱ ሞተ ይላል። ቀጥሎም፣ ሰው ለመኖር አንዲት ቀን ብቻ ቢቀረው ያቺን ቀን ለአገሩ ማዋል ግዴታው ነው የሚል የራሱ ቃል ተጽፎበታል።

«ወደ ሥራ ሲሄድ!» አሉ አጎቴ። «ፈቃድ እንኳ አልጠየቀም!»

እውነት ለመናገር ድንጋዩ ትንሽ አሳምሮለታል። በዚያ ኅዳር ወር የሚኬድበት ካፒቶል አልነበረም። እንግሊዞች በነሐሴ መጥተው ካፒቶሉንም ዋይት ሐውስንም አቃጥለዋቸው ስለነበር፣ ኮንግረሱ የሚሰበሰበው ከእሳቱ በተረፈው የፈጠራ ባለመብትነት መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ብሎጀት ሆቴል በሚባል ሕንፃ፣ ተጣቦ ተፋፍጎ ነው። ሽማግሌው ጌሪ ከተከራየበት ቤት ወጥቶ፣ ሰረገላ ላይ ሆኖ፣ ወደዚያ ጥበት እየሄደ ነው ነፍሱ የወጣችው።

አጎቴ ድንጋዩ ጠርዝ ላይ ተቀመጡና «እስቲ የዚህን ሰውዬ ማኅደር አምጣ» አሉኝ። የነበረኝን አወጣሁ።

ጌሪ ማርብልሄድ ከምትባል የማሳቹሴትስ ወደብ የመጣ የደረቀ ዓሣ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ሃርቫርድ የተማረ፣ ቀጭን፣ ሥጋ የራቀው ሰው። አብዮቱ ሊፈነዳ በዋዜማው፣ በኤፕሪል 1775፣ የእንግሊዝ ወታደሮች ያደረበትን መሸታ ቤት ሊፈትሹ ሲደርሱ በሌሊት ልብሱ ወጥቶ እርሻ ውስጥ ተጋድሞ ነው ያመለጠው። በዓመቱ የነጻነት መግለጫውን ፈረመ። በፊርማው ሰሞን ቤንጃሚን ሃሪሰን የሚባል ወፍራም የቨርጂኒያ ሰው ቀለደበት ይባላል፦ እንግሊዞች ይዘው ቢሰቅሉን እኔ በክብደቴ ቶሎ እገላገላለሁ፣ አንተ ግን ከቅለትህ የተነሣ ገመዱ ላይ ስትጨፍር ትቆያለህ ብሎ። ይህን ያወራው ሌላው ፈራሚ ቤንጃሚን ረሽ ነው። ሃምሳ ስድስት ሰው ፈርሞ ከመካከላቸው ዋሽንግተን ከተማ የተቀበረው ጌሪ ብቻ ነው።

«ስለዚህ ጀግና ነው» አሉ አጎቴ። «ምክትልነቱ ኋላ የመጣ ነገር ነው።»

«ኋላ የመጣውስ ጉድ ነው» አልኳቸው። በ1787 ሕገ መንግሥቱ ሊረቀቅ ፊላደልፊያ ተሰበሰቡ። ጌሪ በጋውን ሙሉ ተቀምጦ፣ ብዙ ተናግሮ፣ ብዙ ተቃውሞ፣ በመጨረሻ ሠላሳ ዘጠኙ ሲፈርሙ አልፈርምም ካሉት ሦስት ሰዎች አንዱ ሆነ። የመብት ዝርዝር የሌለበት ሕገ መንግሥት ምን ሕገ መንግሥት ነው የሚል ነበር ትልቁ ሙግቱ፤ በዚህም ትክክል መሆኑን ጊዜ አሳየ፣ ዝርዝሩ በ1791 ተጨመረ።

አጎቴ እዚህ ላይ አቋረጡኝ። «ቃለ ጉባኤ ላይ አልፈርምም አለ?» በሕይወታቸው ስንትና ስንት ቃለ ጉባኤ፣ ያመኑበትንም ያላመኑበትንም፣ «ሰዓት ደርሷል፣ ምሳ ቀዝቅዟል» እየተባሉ የፈረሙ ሰው ናቸው። ዞር ብለው ሐውልቱን እንደገና አዩት።

ዋናው ጨዋታ ግን ይኼ ነው። በዚያው ጉባኤ ላይ ምክትል ፕሬዚዳንት የሚባል ይኑር፣ ሴኔቱንም ይምራ የሚለው አንቀጽ ሲቀርብ ጌሪ ተነሥቶ ተቃውሟል። ምክትሉና ፕሬዚዳንቱ መቼም ይቀራረባሉና ምክትሉን ሴኔት ላይ ማስቀመጥ ፕሬዚዳንቱን ራሱን ማስቀመጥ ነው አለ፤ ምክትል የሚባል ሰው ጨርሶ ባይኖር እመርጣለሁም አለ። ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ማዲሰን ይህን በማስታወሻው ይዞታል። ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ የዚያው የማዲሰን ምክትል ሆኖ ቃለ መሐላ የፈጸመው ማን ነው? ጌሪ። መኖር የለበትም ብሎ በተከራከረበት ወንበር ላይ ሊቀመጥ ሲሄድ መንገድ ላይ የቀረው ማን ነው? ያው ጌሪ።

እዚያ ወንበር ላይ ያደረሰው ነገርም አያስመካም። በ1812 የማሳቹሴትስ ገዥ ሳለ ፓርቲው የምርጫ ወረዳዎቹን ለራሱ በሚያመቸው መንገድ ሸንሽኖ አቀረበለት፤ ሕጉን የወደደው አይመስልም፣ ፈረመው ግን። (ሕገ መንግሥት ያልፈረመ እጅ!) ከተሸነሸኑት ወረዳዎች አንዱ ተጠማዞ ተጠማዞ እንሽላሊት አህሎ ወጣ። የቦስተን ጋዜጣ ክንፍና ጥፍር ሥሎ፣ የገዥውን ስም ከእንስሳው ስም ጋር አዳቅሎ አተመው። ጄሪማንደሪንግ እየተባለ በየዐሥር ዓመቱ፣ ከሕዝብ ቆጠራ በኋላ፣ ሪፐብሊካንና ዴሞክራት የሚካሰሱበት ነገር ይኼው ነው። እኔ የምኖርባት ሜሪላንድ ራሷ የማትታማ አይደለችም፤ ሦስተኛው የምርጫ ወረዳዋን በ2011 አንድ ዳኛ ክንፉ የተሰበረ የጥንት በራሪ አውሬ ይመስላል ብለውታል። ሰውየው ነጻነት ፈረመ፣ የመብት ዝርዝር ተሟገተ፤ ስሙ የቀረው እንሽላሊቱ ላይ ነው።

መራጩ በዚያው ዓመት ከገዥነቱ አወረደው። ፓርቲው ደግሞ ወዲያው ለምክትል ፕሬዚዳንትነት አጨው።

«እኛ ጋ ቢሆን አምባሳደር ይደረግ ነበር» አሉ አጎቴ።

ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ሴኔቱን መሰብሰብ፣ ድምፅ እኩል ሲሆን አንድ ድምፅ መስጠት፣ ፕሬዚዳንቱ ቢሞት መተካት። በቀረው ጊዜስ? በቀረው ጊዜ መኖር። የመጀመሪያው ምክትል ጆን አዳምስ ለሚስቱ በጻፈው ደብዳቤ የሰው ልጅ ካሰባቸው ሥልጣኖች ከዚህ የሚያንስ የለም ሲል አማሯል። የፕሬዚዳንት ዊልሰን ምክትል የነበረው ቶማስ ማርሻል ደግሞ በራሱ ላይ ይቀልድ ነበር፦ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፣ አንዱ ወደ ባሕር ሄደ፣ ሌላው ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ፣ ከዚያ ወዲህ የሁለቱም ወሬ ጠፋ እያለ። በ1931 ኒውዮርክ መድረክ ላይ በታየ አንድ ሙዚቃዊ ተውኔት ውስጥ ምክትሉን የሚያውቀው ጠፍቶ ዋይት ሐውስ የሚገባው ከጎብኚዎች ጋር ተቀላቅሎ ነው።

«ጃንሆይ ዘንድ የመጣው ኒክሰን ምክትል አልነበረም እንዴ?» አሉ። ነበር፤ በ1957። መላክማ ይላካሉ። የውጭ መሪ ሲሞት ለቅሶ የሚደርሰውም ምክትሉ ነው። አባትየው ቡሽ በሬጋን ጊዜ ምክትል ሳለ ብሬዥኔቭ፣ አንድሮፖቭና ቼርኔንኮ ተከታትለው ሲሞቱ ከ1982 እስከ 1985 ለሦስቱም ሞስኮ ድረስ ሄዶ ቀብር ቆሟል። አጎቴ ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው። «ይኼ እንኳ ሥራ ነው። በትምህርት ቤቱ ስም ለቅሶ የምደርሰው እኔ ነበርኩ።»

ጌሪ በበኩሉ አንድ ጊዜ ምክትልነቱን ተጠቅሞበታል። በ1813 ማዲሰን በጠና ታመመ። ልማዱ ምክትሉ ስብሰባው ሲገባደድ ወንበሩን ለቆ እንዲወጣና ሴኔቱ ተተኪ ሰብሳቢ እንዲመርጥ ነበር፤ ያ ተተኪ ደግሞ ፕሬዚዳንቱም ምክትሉም ቢሞቱ አገር የሚረከብ ነው። ጌሪ ዕድሜው ሰባ ሊሞላ ነው፣ ሴኔቱ ውስጥ ማዲሰንን የማይወዱ ሞልተዋል። ሒሳቡን ሠራ። እና ከወንበሩ አልነሣም አለ።

«አልለቀቀም?»

«አልለቀቀም። ስብሰባው እስኪበተን ቁጭ አለበት።»

አጎቴ ሳቁ፤ ሐውልቱንም እጃቸውን ዘርግተው፣ ጎበዝ የሆነ ተማሪን ትከሻ እንደሚመቱ፣ መታ መታ አደረጉት።

ሲሞት የሆነውን ስነግራቸው ግን ሳቁ አለቀ። ዕዳ ነበረበት። ሴኔቱ የምክትል ፕሬዚዳንቱ ደመወዝ፣ በዓመት አምስት ሺህ ዶላር፣ ዘመኑ እስኪያልቅ ለሚስቱ ይከፈላት ብሎ ወሰነ፤ የታችኛው ምክር ቤት አይሆንም አለ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በ1823 ይህ እምነ በረድ በኮንግረሱ ገንዘብ ቆመ። ሚስቱ አን እስከ 1849 ኖራ፣ ከነጻነት ፈራሚዎች ሚስቶች የመጨረሻዋ ሆና አረፈች። የተቀበረችው ኒው ሄቨን ኮነቲከት ነው፤ ከባሏ የብዙ ሰዓት መንገድ።

«የባልቴት ደመወዝ ከልክለው ድንጋይ!» አሉ አጎቴ። «የጡረታዬ ወረቀት ስንት ወር እንዳንከራተተኝ ታውቃለህ አይደል?» አውቃለሁ። የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ እዚህ አላነሣውም፤ ገና የሚያስጨርሱት ጉዳይ አላቸው።

«ታዲያ ማን ተተካ?»

«ማንም።»

ማዲሰን ከጌሪ በፊት የነበረው ምክትል ጆርጅ ክሊንተንም በ1812 በሥራው ላይ ሞቶበት ነበር። «ለማዲሰን ምክትል አይበረክትለትም ማለት ነው» አሉ አጎቴ። ሁለቱም እዚሁ ግቢ ተቀበሩ፤ ክሊንተንን ግን በ1908 አስከሬኑን አንሥተው ወደ ትውልድ አገሩ ኒውዮርክ፣ ኪንግስተን ወሰዱት። ዘመድ ያለው ሰው። ከጌሪ በኋላ ወንበሩ እስከ ማርች 1817 ባዶውን ኖረ። ምክትል ሲጎድል መተኪያ ሕግ አልነበራቸውም፤ ያወጡት በ1967 ነው።

«ሁለት ዓመት ከምናምን ያለ ምክትል? ምን ሆኑ ታዲያ?»

«ምንም አልሆኑም።»

ይህን ባልናገር ይሻል ነበር። አጎቴ ዝም አሉ። እሳቸው አንድ ጊዜ ታይፎይድ ታመው ሆስፒታል ሲተኙ ትምህርት ቤቱ እንዴት እንደተተራመሰ፣ ደወሉ እንኳ በሰዓቱ እንዳልተደወለ፣ ቁልፍ ጠፍቶ መጋዘን እንደተሰበረ ቤተሰቡ በሙሉ ያውቃል። ጥቂት ቆይተው «እዚያ ምክትሉን ሥራ ስላላሠሩት ነው» አሉና ተነሡ።

ስንወጣ የሱዛን መቃብር አሳየኋቸው። ጆን ፊሊፕ ሱዛ፣ የማርሹ ሊቅ፤ የድንጋይ ወንበር ላይ ኖታ ተቀርጾለታል። የኤፍቢአይ አለቃ የነበረው ኤድጋር ሁቨርም በብረት አጥር ተከቦ እዚያው አለ። ስለ ሁቨር ያወቁትን ያህል በቂያቸው ስለነበር ፎቶ ማንሣት አልፈለጉም። የፈለጉት ከጌሪ ጋር ነው፤ ተመልሰን ሄድንና ኮፍያቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቆሙ። አንድ ነጭ ውሻ በፎቶው ጠርዝ ገብቷል።

መኪና ውስጥ ገና ቀበቷቸውን ሳያስሩ ፎቶውን በቴሌግራም ደሴ ላሉት ጓደኛቸው ላኩ። እሳቸው ያገለገሉበት ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር የነበሩ፣ አሁን እንደሳቸው ጡረተኛ ናቸው፤ ሲጠሯቸው ዛሬም «ጌታዬ» ይሏቸዋል። ወዲያው ተደወለ። ድምፁን ስላሰፉት እኔም ሰማሁ።

«ይኼ የተደገፍከው ድንጋይ የማን ነው?»

«የምክትል ፕሬዚዳንቱ ነው፣ ጌታዬ። ታላቅ ሰው።»

«የማን ምክትል?»

«የማዲሰን።»

ትንሽ ዝምታ ሆነ። ከዚያ ማዶ የዶሮ ጩኸት ተሰማ።

«ማዲሰን ማነው?»

አጎቴ ወደ እኔ ዞረው በሰፊው ፈገግ አሉ። «ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው፣ ጌታዬ» አሉና ዘጉት።